ፕሪሲፒቴት ምንድን ነው? አተላ ግን አይደለም!

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። በክረምት ከአባይ የተቀዳ ውሃ በሃይላንድ ተሞልቶ ሲያድር ያሳያል። ላዩ ጠርቷል። ታቹ ሦስት ጣት የሚሆን ቡኒ ጭቃ ተኝቷል። የማይታየው ተናጋሪ በኩራት፣ "ፕሪሲፒቴት ማለት ይሄ ነው፤ ኬሚስትሪ በተግባር!" ይላል።

ወንድሜ፣ ደለል ነው። ጭቃው ከጎጃም ማሳ ታጥቦ ሲመጣም ጭቃ ነበር፣ ሃይላንዱ ውስጥም ጭቃ ነው። ደክሞት ተኛ እንጂ አዲስ ነገር አልተፈጠረም።

እዚሁ ጎጃም ለዓመታት ኬሚስትሪ አስተምሬ አሁን የውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ይህችን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳረምኩ እኔና ቀይ እስክሪብቶዬ እናውቃለን። ጥፋቱ የቃሉም ነው። በአማርኛ "ዝቃጭ" እንለዋለን። ዘቀጠ ሲባል ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ታች ይጥላል። ኬሚስት ግን ጠጣሩ የት እንደተኛ ሳይሆን ከየት እንደመጣ ነው የሚጠይቀው። ሁለት የጠሩ ፈሳሾች ትቀላቅላለህ። ከአፍታ በፊት ያልነበረ፣ ውሃ ሊያሟማው ያልቻለ ጠጣር ይወለዳል። እሱ ነው ፕሪሲፒቴት። መዝቀጡ ግዴታ አይደለም። የመዳብ ሰልፌት ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብትጨምር ሰማያዊ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ይወጣና ቶሎ አልተኛም ብሎ ይንሳፈፋል። ፕሪሲፒቴትነቱ ግን ከመጀመሪያዋ ሰኮንድ ጀምሮ ነው።

የብር ናይትሬትና የገበታ ጨው (ሶዲየም ክሎራይድ) ሲገናኙ ነጭ የሚሆነውን ለማስረዳት "ጥንዶች ተቀያየሩ" የሚሉ መምህራን አሉ። አልወደውም። ጨው ከሟሟ በኋላ ጥንድ የሚባል የለም፣ አዮኑ (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) ሁሉ ለየብቻው ነው የሚዞረው። ይልቅ የቅዳሜ ገበያ አስቡ። ብር፣ ክሎራይድ፣ ሶዲየም፣ ናይትሬት በግፊያው መሃል ይንከራተታሉ። ብርና ክሎራይድ ግን ለዓመታት የተጠፋፉ ዘመዳሞች ናቸው፤ እንደተያዩ ይተቃቀፋሉ። የአገራችን ሰላምታ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ ማን ይገላግለዋል? ሌላ ብር መጥቶ በዚህ በኩል ይጠመጠማል፣ ሌላ ክሎራይድ በዚያ በኩል። ግፊያው፣ ማለትም ውሃው፣ ሊያላቅቃቸው ይሞክራል። አይችልም። ተከምረው መንገድ ይዘጋሉ። ሶዲየምና ናይትሬት "ምን ሆነዋል?" እያሉ ያልፋሉ፤ ተመልካች አዮን የምንላቸው እነሱን ነው። ገበያው ጭር ካለስ? ዘመዳሞቹ ሳይገናኙ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ሁለቱ ፈሳሾች በጣም ሲቀጥኑ ዝቃጭ የማይታየው ለዚህ ነው። ከክምሩ ዳር ደግሞ ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ የሚላቀቅ አለ። 1 ሊትር ውሃ ከ2 ሚሊ ግራም የማይበልጥ የብር ክሎራይድ ያሟማል፤ የገበታ ጨው ሲሆን ግን 360 ግራም ገደማ። ገበያውን እዚህ ላይ ልበትነው፣ ምሳሌው እየደከመ ነው።

ልዩነቱን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ኖራ ይበቃል። ግድግዳ የሚቀባውን ኖራ አንድ ማንኪያ ውሃ ውስጥ በጥብጠህ አሳድረው። ጠዋት ታቹ ነጭ ነገር ታገኛለህ። እሱ ፕሪሲፒቴት አይደለም፣ ያልሟሟ ኖራ ነው። ላይ ያለውን የጠራ ውሃ ቀስ ብለህ ወደ ሌላ ብርጭቆ ገልብጥና በእስክሪብቶ ቀፎ እፍ በልበት። እፍ ብቻ፣ እንዳትስብ፤ ኖራ ጉሮሮና ዓይን ያቃጥላል። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ወተት ይመስላል። ከትንፋሽህ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሟሟው ኖራ ጋር ካልሲየም ካርቦኔት ሠራ። ይሄ ነው ፕሪሲፒቴት! ሁለቱን ብርጭቆዎች ጎን ለጎን አስቀምጥ፤ ሁለቱም ነጭ አላቸው፣ አንዱ ብቻ አዲስ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጣም ሲበዛበት ውሃው መልሶ እየጠራ ይሄዳል (ትንፋሽ ብቻውን ሙሉ በሙሉ ላያጠራው ይችላል)፤ ካርቦኔቱ ወደ ሟሚ ባይካርቦኔት ተለወጠ። የጠራውን ብታፈላው ነጩ ይመለሳል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እንዲሁ ነው የሚፈጠረው። ደጀን አካባቢ፣ የአባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ ያለበት ምድር ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ሲፈላ ቅርፊት ያበዛል። ቅርፊቱ ጤና አይጎዳም፣ ሎሚ ያስለቅቀዋል። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የምናገረው፣ ሥራዬ ስለሆነ ነው።

ሻማ አብርተህ ጠርሙስ ብትደፋበትና ወዲያው የኖራ ውሃ ጨምረህ ብትንጠው እንደዚያው ወተት ይሆናል። ነዳጅ፣ እንጨት፣ ከሰል፣ ካርቦን ያለበት ነገር ሁሉ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋላ! አደራ ግን፣ ይሄ ሙከራ ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ምንም አይነግርህም። ከሰል አየር አጥሮት ሲነድ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ የኖራ ውሃን አያደፈርስም። ቤት ዘግቶ ከሰል እያነደደ "ጭስ የለውም" የሚል ሰው ይህን ይወቅ።

ለተናጋሪው ግማሽ ፍርድ ልስጠው። ቪዲዮውን ውሃ ማጣሪያ ገንዳ ላይ ቢቀርጽ ኖሮ አልከራከረውም ነበር። በጣም የደቀቀ ጭቃ በራሱ አይተኛም። ስለዚህ አሉሚኒየም ሰልፌት እንጨምራለን። የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ብናኝ እንደ ጥጥ ሆኖ ይፈጠርና ጭቃውን ጠቅልሎ ይዞት ይወርዳል። ጥጡ ፕሪሲፒቴት፣ ጭቃው አሁንም ጭቃ።

የንብ ማርስ? ሲረጋ የሚወጣው ጠጣር ሟሙቶ የነበረ ስኳር ነው። ውሃው ሊያሟማው ከሚችለው በላይ የነበረው ወጣ እንጂ አዲስ ንጥረ ነገር አልተሠራም። ዝቃጭ ብትለው አልጣላህም፣ የዝቃጭ አጸግብሮት (ኬሚካዊ ለውጥ) ካልከው ግን እንጣላለን።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለእህቴ ልጅ ላክሁለት። "ጋሼ፣ የጠላ አተላስ?" ብሎ መለሰ።

ዳጉሳ፣ ብቅል፣ ጌሾና እርሾ ነው። አብዛኛው ከመጀመሪያውም አልሟሟም። ለላሟ ስጣት።