ኤዲኤችዲ ምንድን ነው? «ቀዥቃዣ» የምንለው ልጅ ነገር

የእህቴ ልጅ 8 ዓመቱ ነው። በቀደም «ሂድና ከጓዳ ጨው አምጣልኝ» አልኩት። «እሺ» ብሎ በሩጫ ሄደ። ወጡ ይንተከተካል፣ ጨው የለም። ሄጄ ሳይ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የሽንኩርት ልጣጭ እየደረደረ ነው። «ጨውስ?» ስለው ክው አለ። ሲያስመስል አይደለም፣ የምሩን ከጭንቅላቱ ወጥቶ ነበር።

እንዲህ ላለ ልጅ ስም ሞልቶናል። ቀዥቃዣ፣ ቅብጥብጥ፣ ቀልበ ቢስ፤ ከፋ ሲል ደግሞ «አሳዳጊ የበደለው» ይባልና ነገሩ እናቱ ላይ ይወድቃል። ሐኪሞች ኤዲኤችዲ ይሉታል። በአማርኛ «የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር» ተብሎ ሲተረጎም ሰምቻለሁ፣ ግን አይዋጥልኝም። ትኩረት መቼ አነሰው? ያው ልጅ ጌም ከጀመረ ቤቱ ቢቃጠል አይሰማም። የቸገረው ቀልቡን ወደሚፈለግበት ነገር ማዞር፣ አሰልቺ ሥራ ላይ ማቆየት፣ «ቆይ» ሲባል መቆየት ነው።

ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሥራው ማቀድና ራስን መግታት ነው። ፍሬን በሉት። እነዚህ ልጆች ጋ ፍሬኑ ዘግይቶ ይበስላል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት የአንጎላቸው ቅርፊት እድገት በአማካይ ወደ 3 ዓመት እንደሚዘገይ አሳይቷል። በዘርም ይወርዳል፣ በጣም። ልጁን ሊያስመረምር ሄዶ «ይሄማ እኔ ነኝ» የሚል አባት ብዙ ነው። ስኳር አያመጣውም። ማሞላቀቅም፣ ቡዳም አያመጣውም።

ታዲያ የማይቀዠቀዥ ልጅ አለ ወይ? የለም። ልዩነቱ ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት መጀመሩ፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየቱ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየቱና ኑሮውን ማወኩ ነው። ቤት ብቻ ከሆነ፣ ወይም አንድ መምህር ጋ ብቻ ከሆነ፣ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። የደም ምርመራ የለውም፣ ራጅም አያሳየውም፤ ሐኪሙ እናንተንም መምህሩንም ጠይቆ ነው የሚደርስበት። ከዚያ በፊት ግን ጆሮውንና ዓይኑን አስመርምሩ። ሌሊቱን ሲያንኮራፋ የሚያድር ልጅም ቀን ይቅበጠበጣል። ለጥቂት ሴኮንድ ፍዝዝ ብሎ የሚመለስ ልጅ ደግሞ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊኖርበት ይችላል።

በጣም የሚያሳዝኑኝ ግን ኤዲኤችዲ ኖሮባቸው የማይቀዠቀዡት ናቸው። ብዙ ሴቶች ልጆች እንዲህ ናቸው። አትረብሽም፣ ወንበር ላይ አትወጣም፣ ስለዚህ ማንም አያያትም። ደብተሯን ግለጡት፦ ቀኑ ተጽፏል፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ተገልብጧል፣ ሁለተኛው መሀል ላይ ቀርቷል፣ ጠርዙ በሙሉ አበባ ተስሎበታል። ሰርተፊኬቷ ላይ «ሰነፍ ናት፣ ትጋት ያስፈልጋታል» ይጻፋል።

እኛ ቤት የሚታወቀው መፍትሔ ቁጣ ነው። ቀበቶ ይፈታል፣ ሲብስም በርበሬ ይታጠናል። ልጁ እኮ ሕጉን ጠንቅቆ ያውቀዋል! ችግሩ በሰዓቱ ፍሬኑ አለመያዙ ነው፣ ዱላ ደግሞ ፍሬን አይሠራም፣ ፍርሃት ብቻ ነው የሚጨምረው። የሚሠራው ነገር ትንንሽ ነው። አጠገቡ ሄዳችሁ፣ ትከሻውን ነካ አድርጋችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ እዘዙ። «ልብስህን ቀይር፣ እጅህን ታጠብ፣ ደብተርህን አውጣ» ካላችሁ ሦስቱም ቀሩ። እኔ አሁን ለጨው ስልከው «ምን አልኩህ?» እለዋለሁ። «ጨው!» ይልና «ጨው፣ ጨው፣ ጨው» እያለ ይሄዳል፣ ይዞም ይመጣል። የቤት ሥራው አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ዝላይ፣ ከዚያ እንደገና አሥር ደቂቃ። ሲያሳካ ምስጋናው እዚያው በዚያው ይሁን፣ «ለገና እገዛልሃለሁ» ለሱ የዘላለም ያህል ሩቅ ነው። ክፍል ውስጥ 60 ልጅ ላለበት መምህር ብዙ መጠየቅ ግፍ ቢሆንም፣ ከመስኮት አርቆ ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥና ሰሌዳ እንዲያጠፋ መላክ ገንዘብ አይጠይቅም።

መድኃኒትም አለው። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ መጀመሪያ የሚመከረው ወላጅን ማሠልጠን ነው፤ ከዚያ በላይ ላሉት ሜቲልፌኒዴት፣ በገበያ ስሙ ሪታሊን፣ ሊታዘዝ ይችላል። የሚገርመው፣ የሚያነቃቃ መድኃኒት ነው። ፍሬኑን ስለሚያነቃው ልጁ ይረጋጋል። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍም ሊነሳ ይችላል፣ ስለዚህ ክብደቱና ቁመቱ በሐኪም ይለካል። ከጎረቤት ተቀብሎ መሞከር የለም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ ትምህርት ቤት ሲደውልላችሁ «ልጄን እብድ ሊሉት ነው» ብላችሁ አትሽሹ። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው ሕግ (Rehabilitation Act) አንቀጽ 504 መሠረት ልጁ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ ጸጥ ያለ ቦታ፣ የእረፍት ደቂቃ ሊፈቀድለት ይችላል። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ ማለትም መብታችሁ ነው። ልጄ ይመርመርልኝ ስትሉ ግን በቃል አይሁን፣ ጻፉት፣ ቀኑን አስፍሩበት፣ አንድ ኮፒም አስቀሩ።