ለልጆች የተተወ የሕይወት መድንና የእናት ጥያቄ፦ ደሴና ኮምቦልቻ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርሰው ቅሬው፣ የወሎ ዕድር፣ ነው። ድንኳን ይተክላል፣ ቀብር ያስፈጽማል። የመድን ወሬ የሚነሳው ዘግይቶ፣ ሚስት የባሏን ወረቀቶች ስታገላብጥ ነው። ብዙ ጊዜ ፖሊሲው፣ ማለትም የመድን ውሉ፣ አሠሪው ለሠራተኞቹ በጅምላ የገባው ነው። «ተጠቃሚ» የሚለው መስመር ላይ የልጆቹ ስም ብቻ ሰፍሯል። የእሷ የለም። «ታዲያ ገንዘቡ የማን ነው? እኔስ ድርሻ የለኝም?» ብላ ትጠይቃለች።

መልሱ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 827 ላይ ይገኛል። ሟች ተጠቃሚ ካልሰየመ፣ ወይም ሌላ ሳይገልጽ «ለወራሾቼ» ብሎ ከተወ፣ ገንዘቡ የውርስ ሀብት ይሆናል። የሟች ዕዳ ካለ አበዳሪም ይጠይቅበታል። የልጆቹን ስም ከጻፈ ግን ገንዘቡ ውርስ ውስጥ አይገባም፤ በቀጥታ የእነሱ ነው። «ለወራሾቼ» እና «ለልጆቼ ለእገሌና ለእገሊት» ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ። ቤተሰብን ግን ለየቅል መንገድ ያስኬዳሉ።

ብዙ ሴቶችን የሚያስደነግጠው ሌላ ነገር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ባልም የሚስቱ። የምትወስደው የጋራ ሀብቱን ግማሽ ነው፤ በአማራ ክልል ይህ በቤተሰብ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ይታያል። ስለዚህ «አረቦኑ (ለመድኑ የሚከፈለው መዋጮ) የተከፈለው ከደመወዙ ነው፣ ደመወዝ ደግሞ የጋራችን ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። ከባዶ የተነሳ ክርክር አይደለም። ለእኔ ግን የሚያስኬደው እስከ ተከፈለው አረቦን ድረስ ነው። በልጆች ስም የተጻፈውን ካሳ ለሁለት የሚያካፍል አይመስለኝም።

ወሎ ላይ ደግሞ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። ተከራካሪዎቹ ፈቅደው እዚያ ከሄዱ የውርሱ ስሌት ይቀየራል፦ ልጆች ያሉት ባል ሲሞት ሚስት አንድ ስምንተኛ ትወርሳለች።

እናት ገንዘቡ የእሷ ባይሆንም በእጇ ሊያልፍ ይችላል። አባት ሲሞት የአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት በሕይወት ያለችው እናት ናት። የሞት የምስክር ወረቀቱን፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ማስረጃውንና መታወቂያዋን ይዛ ትሄዳለች። መድን ድርጅቱ የፍርድ ቤት የሞግዚትነት ማስረጃ ሲጠይቃት ደግሞ ገና ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ ፍርድ ቤት ደጃፍ ወረፋ ትይዛለች። እዚህ ላይ የሚያውቅ ዘመድ አብሯት ቢሄድ ትልቅ ውለታ ነው። ከተከፈላት በኋላ ገንዘቡን ለልጆቹ ጥቅም ብቻ ታውላለች፤ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና፣ ቀለብ። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው የት እንደዋለ ሊጠይቃት ይችላል። የወጪ ደረሰኝ በአንድ ፌስታል ማስቀመጥ ያን ቀን ያድናታል።

ጡረታው ሌላ ነገር ነው። ፎርም ላይ ማን እንደተጻፈ አይጠይቅም። ሟች ለጡረታ የሚያበቃ አገልግሎት ካለው፣ ከአበሉ 50 በመቶው የሚስት፣ 20 በመቶው ደግሞ የእያንዳንዱ ልጅ ነው። የመድኑ ነገር ያሳዘናት እናት በራሷ ስም የምትጠይቀው ገንዘብ እዚያ አለላት።