«ሰው ከበዛ ይቀላል» እና ሌሎች ስለ ኢቨንት ሰራተኞች የምንሰማቸው ስህተቶች

ስራዬ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለኢቨንት ሰው መመደብና ማስተባበር ነው። ኮንፈረንስ፣ ምርቃት፣ የምርት ማስተዋወቂያ፣ አንዳንዴም ሸዋ ሮቢት ድረስ ወርደን ባዛር እንሰራለን። ደንበኛ ሲመጣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ዲኮሩ፣ ስለ ስክሪኑ አንድ ሰአት ያወራል፣ የሚሰሩት ልጆች ጋ ሲደርስ ግን «እሱ ቀላል ነው፣ ሰው አይጠፋም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ እስካሁን አበባ ጎድሎ የተበላሸ ፕሮግራም አላየሁም፣ ሰው ቦታው ላይ ስላልነበረ የተበላሸ ግን ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ሰው በበዛ ቁጥር ስራው ይቀላል»

ዋናው ይሄ ነው። አንድ ጊዜ 400 ሰው የተጠራበት ስብሰባ ላይ አዘጋጁ መስሪያ ቤት 30 ልጅ ሰጠን፣ ጎበዝ ልጆች ናቸው ግን ማን ምን እንደሚሰራ የነገራቸው የለም። ጠዋት ስደርስ ከአስር በላይ ልጅ አንድ የስም ዝርዝር ከቦ ቆሟል፣ እንግዳው ስሙ የተጻፈበትን ባጅ ፍለጋ ከአንዱ ወደ አንዱ ይመላለሳል፣ ጀነሬተሩ ጋ ግን አንድም ሰው የለም። ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ነዳጅ አለው፣ ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ግን የሚያውቅ ጠፋ፣ አንዱ ሹፌሩ ጋ ነው ይላል ሌላው ጥበቃው ጋ ነው ይላል፣ ተናጋሪው የማይሰራ ማይክ እንደያዘ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ቀረ። 30 ሰው እያለ የጎደለን አንድ ሰው ነበር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን አይደል፣ ተረቱ እኮ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አንድ ሎሚ ያዘ ነው የሚለው፣ ሃምሳ ሰው አንዷን ሎሚ ከበበ አይልም። እናቶቻችን ድግስ ሲያወጡ ይሄን በደንብ ያውቁታል። ወጡን የያዘችው ወጡን ነው፣ ጠላ ቀጂው ጠላውን፣ አሳላፊው ማሳለፉን፣ ማንም የማንንም ስራ አይነካም፣ አንዷ ስትደክም ማን እንደምትተካት እንኳን ቀድሞ ይታወቃል።

አሁን እኔ አንድ ወረቀት አዘጋጃለሁ፣ ቦታ፣ ስም፣ ስልክ፣ ተተኪ። ጀነሬተር የሚለው ፊት ለፊት የአንድ ሰው ስም አለ፣ ቁልፉም አንገቱ ላይ ነው። ምዝገባውንም በሂሳብ ነው የምመድበው። ባጅ ቀድሞ ከተጻፈና በፊደል ተራ ከተደረደረ አንድ እንግዳ 20 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፣ አራት ጠረጴዛ በደቂቃ 12 ሰው ያስገባል፣ 400 ሰው በ35 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል ማለት ነው። ባጁን እዚያው ልጻፍ ካላችሁና አንዱ እንግዳ ሁለት ደቂቃ ከወሰደ ግን በዚያው አራት ጠረጴዛ ከሶስት ሰአት በላይ ይፈጃል። ሌላ ነገር፣ የእኛ ሰው ስም «አ» ላይ ይበዛል፣ አበበ፣ አለሙ፣ አስቴር፣ አልማዝ እያለ ይሄዳል፣ ስለዚህ ለ«አ» ብቻ አንድ ጠረጴዛ ለዩለት። ኃይሉን ደግሞ አንዱ በ«ሀ» ሌላው በ«ኃ» ይጽፈዋል፣ ዝርዝሩ ሲሰራ ሁሉም «ሀ» ስር ይግባ ብላችሁ ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አለበለዚያ ሰውየው ስምህ የለም ይባላል፣ በቃ ቀኑ ያኔውኑ ተበላሸበት።

«ባለሙያ ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይሆንም»

ትልቅ ኤልኢዲ ስክሪንና ከባድ ሳውንድ ከሆነ እሺ፣ ከነቴክኒሻኑ ይምጣ። እንግዳ ተቀባይ ኡሸርና መዝጋቢ ግን 130 ኪሎ ሜትር ትራንስፖርት፣ አልጋና አበል ከፍሎ ማምጣት ምን ይባላል? ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያስተምር የኖረ ነው፣ ከተማው ውስጥ ቋንቋ የሚችል፣ ኮምፒውተር የሚችል፣ ሰው ማክበር የሚያውቅ ወጣት ሞልቷል። ሁለት ቀን ካለማመዳችኋቸው ከማንም አያንሱም።

ደግሞ ብርዱን ያውቁታል። ከተማው ከባህር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ታህሳስ ውስጥ አንድ ደንበኛ ኡሸሮች ከአዲስ አበባ ካልመጡ ብሎ አስመጣ፣ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሰው ጠዋት አንድ ሰአት ተኩል ላይ በር ላይ ቆሙ። አንዷን ጠጋ ብዬ ሳያት የባጁን ስቲከር ከወረቀቱ ለመላጥ ትሞክራለች ጣቷ አልታዘዝ ብሏታል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ግን ፈገግ ብላ እንግዳ ትቀበላለች። ሮጬ ጋቢ አመጣሁላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውጭ የሚቆም ሰው በየ20 ደቂቃው ይቀየራል፣ ወፍራም ልብስና ትኩስ ሻይ የበጀቱ አካል ነው፣ የዩኒፎርም ፎቶ አምሮ እንዲወጣ ሰው አይታመምም። ጣርማ በር የሚባለውን ተራራ አልፋችሁ ቆላው ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ እዚያ ጥላና ውሃ ነው የሚያስፈልገው፣ አምፕሊፋየሩም ፀሀይ ላይ ከዋለ ግሎ ይጠፋል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሊይዛችሁ ስለሚችል ቲሙ በዋዜማው ቢወርድ ይሻላል።

«ቫለንቲር ስለሆኑ ሰርተፊኬት ይበቃቸዋል»

አይበቃም። ልጆቹ ከንጋት ጀምሮ ቆመው እንግዳው ሲበላ እያዩ ዘጠኝ ሰአት ላይ የተረፈ ነገር ፍለጋ ኪችን ሲገቡ ማየት ያማል፣ በእውነት ነው የምላችሁ። የእኔ ቲም ከእንግዳው በፊት በሁለት ዙር ይበላል፣ ምግቡም በስማቸው ይታዘዛል። ረቡዕና አርብ ከሆነ የጾም ይኑር፣ ረመዳን ከሆነ ማፍጠሪያ ሰአት ላይ የሚተካቸው ሰው ይመደብ። ትራንስፖርታቸውም ከኪሳቸው አይወጣም።

«የአንድ ቀን ስራ ስለሆነ ህግ አይመለከተውም»

ደመወዝ ተከፍሎት፣ በእናንተ ትእዛዝ እስከሰራ ድረስ የአጭር ጊዜ ስለሆነ ብቻ ከህግ ውጭ አይሆንም። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተወሰነ ስራ ወይም ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ውልን ያውቀዋል። መደበኛው የስራ ሰአት በቀን 8 ነው፣ ከዚያ ካለፈ የትርፍ ሰአቱ ክፍያ በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰአት ከሆነ በ1.75፣ የህዝብ በአል ላይ በ2.5። ለጥምቀት ወይም ለመስከረም አንድ ፕሮግራም ይዛችሁ «እንደ ወትሮው እንከፍላለን» የምትሉ ይሄን አስቡት። ቢያንስ ቀኑ፣ ሰአቱና ብሩ የተጻፈበት አንድ ገጽ ይኑር፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

«ኤምሲው ይመራዋል»

ኤምሲ መድረኩን ነው የሚመራው። እሱ እየተናገረ ከኋላ ቀጣዩ ተናጋሪ መድረሱን፣ ማይክ ባትሪ መቀየሩን፣ ምሳ መዘግየቱን የሚያይ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ለኤምሲውም ወሬ ከዚያ ሰው ብቻ ይሂድ፣ አምስት ሰው ወረቀት ካቀበለው ይጠፋበታል።

«ሰአቱን ነግረናቸዋል»

በየትኛው አቆጣጠር? ፕሮግራሙ ላይ 8:00 ተብሎ ከተጻፈ አንዱ ከጠዋቱ 2 ሰአት ይመጣል፣ ሌላው ከሰአት 8 ይመጣል። «ከጠዋቱ 2 ሰአት» ብላችሁ በቃል ጻፉ። ለሰራተኛ ደግሞ የፕሮግራሙን ሳይሆን የመግቢያውን ሰአት ንገሩት፣ እንግዳ 2 ሰአት የሚመጣ ከሆነ ምዝገባ ላይ ያለ ልጅ 12 ሰአት ተኩል ላይ ቦታው ላይ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ አለን ብላችሁም አትተማመኑ፣ ሳውንዱ ሲከፈት ስልክ የሚሰማ የለም፣ በእግሩ መልእክት የሚያደርስ አንድ ፈጣን ልጅ መድቡ።

«ፕሮግራሙ ካለቀ ስራው አለቀ»

እንግዳው ሲወጣ የሚቀረው ማፍረስ ነው፣ እቃ መቁጠር ነው፣ ሰው በጣም የሚደክምበትና የሚጎዳበት ሰአትም ያ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ያልሰሩ ትኩስ ልጆች ለማታ ለብቻ እመድባለሁ። ክፍያውም ያኔውኑ ነው። «ሰኞ ቢሮ ኑ» የሚባለውን እኔ ራሴ ተማሪ ሆኜ ስሰራ አይቼዋለሁ፣ ሶስት ሰኞ ተመላልሻለሁ። አሁን የመጀመሪያው እቃ ከመነሳቱ በፊት ብሩ በየስሙ በፖስታ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ፈርመው ይወስዳሉ፣ ሴቶቹን የሚያደርስ ባጃጅ በር ላይ ይቆማል፣ የመጨረሻዋ ልጅ ገባሁ ብላ እስክትደውል ድረስ እኔም አልተኛም።