ዶታ 2፦ የግል ነጥብ ቡድን ያፈርሳል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጨዋታው እንዳለቀ ሁሉም የሚያየው ሰንጠረዡን ነው። ስንት ገደልክ? ስንቴ ሞትክ? ስንት አሲስት አለህ (ሌላው ሲገድል ስንቴ አገዝክ)? ከዚያ ንትርኩ ይጀመራል። እኔ ዶታ 2 የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ለዓመታት የተጫወትኩት በአብዛኛው ደጋፊ፣ በተጫዋቾች አጠራር ሳፖርት፣ ሆኜ ነው። ሰንጠረዡ ላይ ስሜ ብዙ ጊዜ ከታች ነው። ስለዚህ ነገሩ ከልቤ ያሳስበኛል። «ቡድን የሚያፈርሰው ነጥብ ነው» የሚሉ አሉ። «ነጥብ ከሌለ ማን ይለፋል?» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚሳሳቱበት ቦታ አለ።

ለማያውቁት፦ ጨዋታው አምስት ለአምስት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና ይመርጣል። የተቃራኒን ዋና ሕንጻ፣ ኤንሸንቱን፣ ቀድሞ ያፈረሰ ቡድን ያሸንፋል።

«ብዙ የገደለ ነው ጨዋታውን ያሸነፈው»

ኪል ብቻውን አያሸንፍም። በኪል ተበልጦ ኤንሸንቱን የሚያፈርስ ቡድን ብዙ ነው። አምስቱ ተቃራኒዎች ኪል ፍለጋ ጫካ ውስጥ ሲሯሯጡ፣ አንድ ሰው ባዶ ሌን፣ ማለትም ወደ ተቃራኒ ሰፈር የሚወስድ መንገድ፣ ይዞ የመከላከያ ማማዎቹን ሊጨርስ ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ሳይሞት በተከታታይ የገደለ ጀግና በራሱ ላይ ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል። እሱን የገደለ ቡድን ከተለመደው የበለጠ ወርቅ ያገኛል። ስለዚህ 10 ገድሎ አንድም ጊዜ ያልሞተው ጓደኛችን ብቻውን ወጥቶ ሲያዝ፣ ያጠራቀመው ነጥብ ለተቃራኒ ይጠቅማል። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ይህን ያደረጉት አውቀው ነው። ብዙ ነጥብ ያለው ሰው ጥበቃ ያስፈልገዋል፤ ጠባቂዎቹ ደግሞ ሌሎቹ አራቱ ናቸው።

«ብንሸነፍም ነጥቤ ጥሩ ከሆነ ደረጃዬ አይነካም»

ይነካል። በደረጃ ጨዋታ ኤምኤምአር፣ ማለትም የተጫዋቹ ደረጃ የሚለካበት ቁጥር፣ የሚወጣውና የሚወርደው በማሸነፍና በመሸነፍ ነው። 20 ገድሎ የተሸነፈም ይወርዳል፤ ምንም ሳይገድል ያሸነፈም ይወጣል። ብዙ ጠብ የሚነሳው ይህን ካለማወቅ ይመስለኛል። ሰዉ የሚጣላው ለደረጃ በማይቆጠር ነገር ነው።

«ሳፖርት የሚሆነው መጫወት ያልቻለ ነው»

ይሄኛው ያንገበግበኛል። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በዶታ ቦታዎች ከ1 እስከ 5 ይቆጠራሉ። ብዙ ሰው የችሎታ ደረጃ ይመስለዋል። አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ወርቅ ለማግኘት ቅድሚያ ያለው ማን እንደሆነ ነው። አንድን ክሪፕ፣ ማለትም ጨዋታው ራሱ የሚልካቸውን ትንንሽ ተዋጊዎች አንዱን፣ የመጨረሻዋን ምት መትቶ የገደለ ወርቁን ይወስዳል። ላስት ሂት የሚሉት ይህን ነው። ወርቁ ለአምስቱ እኩል ቢበተን ማንም ቶሎ አይጠነክርም። ስለዚህ ቡድኑ ተስማምቶ ለ1 ቁጥሩ፣ ለኬሪው፣ ይለቅለታል። 5 ቁጥሩ ድህነቱን ፈቅዶ ይቀበላል። እዚህ ላይ «የግል ነጥብ» የሚባለው ራሱ የቡድን ውሳኔ ውጤት ነው። የኬሪው ቁጥር ያማረው ሌሎች ስለለቀቁለት ነው።

5 ቁጥሩ ምን ይሠራል? ዋርድ የሚባለውን አካባቢን የሚያሳይ ዕቃ ተክሎ ማፑን፣ ማለትም የጨዋታውን ሜዳ፣ ያበራል። ኬሪው ሲከበብ ፊት ለፊት ቆሞ ይሞትለታል። ሰንጠረዡ ላይ የምትታየው ሞቱ ብቻ ናት። ኬሪው በሕይወት መትረፉን የሚመዘግብ ዓምድ የለም።

ችሎታ የለውም ለሚል፣ ዮሃን ሱንድስታይንን ያስታውስ። በቅጽል ስሙ ኖቴይል ይባላል። ኦጂ የተባለው ቡድን በ2018 ቫንኩቨር ላይ ትልቁን የዶታ 2 ውድድር፣ ዘ ኢንተርናሽናልን፣ ሲያሸንፍ አምበሉ እሱ ነበር። የሚጫወተውም 5 ቁጥር ነበር። በ2019 ሻንጋይ ላይ ደገሙት። ይህን ዋንጫ ሁለት ጊዜ ያነሳ የመጀመሪያው ቡድን ሆኑ። የዚያ ዓመት ጠቅላላ ሽልማት ከ34 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

የጨዋታው አዘጋጅ ቫልቭም የሳፖርቱን ሸክም አይቶታል። ለዓመታት ዋርድ የሚገዛው ከሳፖርቱ ኪስ ነበር። ዕቃ አመላላሹን ኩሪየርም አምስቱ ይጋሩት ነበር፤ «ኩሪየሬን ወሰድክብኝ» የሚለው ጭቅጭቅ አያልቅም ነበር። በ2019 መጨረሻ በወጣው 7.23 ማሻሻያ ማፑን የሚያሳየው ዋርድ ነጻ ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋችም የራሱ ኩሪየር ተሰጠው። ነጥቡን ማንም አልነካውም። ጠቡ ግን ቀነሰ።

«ነጥቡን ማጥፋት ነው፣ ጠቡም ይጠፋል»

ሌላው የጨዋታ አዘጋጅ ብሊዛርድ ወደዚህ የቀረበ ነገር ሞክሯል። በ2015 በወጣው ተመሳሳይ ጨዋታው፣ ሂሮስ ኦፍ ዘ ስቶርም፣ በፍልሚያው ውስጥ ወርቅ የለም፤ የሚገዛ ዕቃም የለም። ልምድ፣ ማለትም ኤክስፒ፣ የሚጠራቀመው ለቡድኑ በሙሉ ነው። የላስት ሂት ሽሚያ በዚህ ቀረ፤ ለዚህም አደንቃቸዋለሁ። እኔ በገባሁባቸው ጨዋታዎች ግን ሰው መወቃቀሱን አልተወም። ስንት ዳሜጅ (ጉዳት) አደረስክ ወደሚለው ዞረ። ሰው የተሸነፈበትን ምክንያት ይፈልጋል። አንዱ ቁጥር ሲነሳበት ሌላ ያገኛል።

«እንግዲያው የእያንዳንዱን ድርሻ በትክክል መለካት ነው»

ይህም እዚያው ጨዋታ ላይ ተሞክሯል። በ2017 መጨረሻ ብሊዛርድ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የግል ብቃትም እንዲቆጠር አደረገ። አንድ ተጫዋች የሚነጻጸረው ያንኑ ጀግና ከሚጫወቱ ሌሎች ጋር ነበር። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ ተነሳ።

እኔ ችግሩ ይገባኛል። ደረጃ በቁጥር ላይ ከተንጠለጠለ ሰው ለቁጥሩ ይጫወታል። ዳሜጅ ከተቆጠረ፣ ማንንም የማይገድል ዳሜጅ ከሩቅ ይረጫል። ሞት ካስቀነሰ፣ ለኬሪው ፊት ለፊት የሚቆም አይገኝም። ነጥብ ቡድን ያፈርሳል የሚሉት ሰዎች እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። ቁጥሩን ማየት ብዙም አይጎዳም። ሽልማት ሲታሰርበት ግን ጨዋታው ይበላሻል።

እኔ አሁን ሰንጠረዡን ቶሎ እዘጋዋለሁ። ከተሸነፍን ሪፕሌዩን፣ የጨዋታውን ቅጂ፣ ከፍቼ ትልቁን ፍልሚያ ካጣንበት ደቂቃ ትንሽ ወደኋላ እመልሰዋለሁ። የማየው ማን ስንት እንደገደለ አይደለም። ዋርዳችን የት ነበር? አምስታችንስ የት ቆመን ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ሦስታችን አንድ ጫፍ፣ ሁለታችን ሌላ ጫፍ ሆነን እናገኛለን፤ መሃል ማፑ ደግሞ ጨለማ።