«ፓታን» ምንድን ነው? ፓሽቶ የማይናገሩት የፑንጃብ ፓሽቱኖች

ክሪኬት ባትከታተሉም ኢምራን ካንን ሳትሰሙ አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1992 ፓኪስታንን ለዓለም ዋንጫ ድል ያበቃ አምበል፣ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው። የላሆር ልጅ ነው፤ ላሆር ደግሞ ዛሬ ፓኪስታንና ሕንድ የሚካፈሉት የፑንጃብ ምድር እምብርት ናት። ዘሩ ሲቆጠር ግን ፓታን ነው። በአባቱ ከኒያዚ ጎሳ፣ በእናቱ ከቡርኪ ጎሳ።

ፓታን ማለት ፓሽቱን ማለት ነው፤ በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን የሚኖር፣ የጥንት ቋንቋው ፓሽቶ የሆነ ሕዝብ። ስሙ በሕንድና በፑንጃብ አፍ ሲጠራ እንዲህ ሆነ። በፑንጃብ ፓታን የሚባሉት፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከአፍጋን ተራሮች ወርደው ሜዳው ላይ የቀሩት ናቸው። ብዙዎቹ ፓሽቶ ረስተዋል። ቤታቸው የሚነገረው ፑንጃቢ ነው፤ ኢንዱስ ወንዝ ዳር ሚያንዋሊ ያሉት ኒያዚዎች በአብዛኛው ሰራይኪ ይናገራሉ። የቀረው የጎሳ ስምና «ካን» ነው። «ካን» እንኳ ብቻውን አያስተማምንም፤ ፓታን ያልሆነውም ይጠራበታል።

እንዴት መጡ? ገሚሱ በወታደርነት፣ ገሚሱ በፈረስ ንግድ። በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው ግን ባህሉል ሎዲ ነው። በፑንጃብ የምትገኘው የሲርሂንድ ገዥ የነበረው ይህ አፍጋናዊ በ1451 ዴልሂ ላይ ነገሠና ወገኖቹን ጠራ። ርስት የሰጣቸውም ነበሩ። ቃሱር ከተማን የያዙት ኬሽጊ የተባሉ ፓታኖች ደግሞ ከሎዲዎች በኋላ ሕንድን በገዙት በሙጋሎች ዘመን ሰፍረው፣ በ1807 የሲክ ሃይማኖት ተከታዩ የፑንጃብ ንጉሥ ራንጂት ሲንግ እስኪያስገብራቸው ድረስ ቆዩ።

ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ የማለርኮትላ ታሪክ ነው። ዛሬ በሕንድ ፑንጃብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ ገዥዎቿ ፓታኖች ነበሩ። በ1700ዎቹ መጀመሪያ የሲርሂንዱ ሹም የሲኮቹን መሪ የጉሩ ጎቢንድ ሲንግን ሁለት ትንንሽ ልጆች ያዘ። ገና 10 ዓመት አልሞላቸውም። በሕይወት እያሉ ግንብ ይታነጽባቸው ተባለ። የማለርኮትላው ገዥ ሼር ሙሐመድ ካን ከጉሩው ጋር ጦር የተማዘዘ ሰው ነው። ቢሆንም ተነስቶ «ጠባችን ከአባትየው ነው፣ ሕፃናቱ ምን አደረጉ?» ብሎ ተቃወመ ይባላል። አልሰሙትም፤ ልጆቹ ተገደሉ።

ሲኮቹ ግን አልረሱለትም። በ1947 ፑንጃብ ለሕንድና ለፓኪስታን ለሁለት ስትቆረስ በማለርኮትላ ዙሪያ ያሉ ሙስሊሞች አለቁ፣ ተሰደዱ። የጃላንዳር ቡርኪዎች፣ የኢምራን እናት ቤተሰብም ጭምር፣ ላሆር ገቡ። ማለርኮትላን ግን የነካት አልነበረም። እዚያ ያለው አንድ የሲኮች ቤተ መቅደስ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያ የተቃውሞ ጩኸት ነው፦ «ሃ ዳ ናራ»።