«ኪርያላይሶን» እና «እብኖዲ ናይናን» ምን ማለት ነው?

የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም በሚፈጸምበት በሰሙነ ሕማማት ምእመናን እየሰገዱ የሚደጋግሟቸው «ኪርያላይሶን» እና «እብኖዲ ናይናን» የተባሉት ቃላት ግእዝም አማርኛም ባለመሆናቸው፣ የማይታወቅ ስም የሚጠራ እየመሰለው የሚፈራ ሰው አለ። ሆኖም የሚያስፈራ ነገር የለባቸውም። ኪርያላይሶን ከግሪክ የመጣ ሲሆን «አቤቱ ማረን» ማለት ነው፤ «እብኖዲ» ደግሞ በቅብጥ ቋንቋ «አምላክ»፣ «ናይናን» «ማረን» ማለት ነው። ስለዚህ በሕመሙ ወይም በልጁ ነገር የሰጋ ሰው ግንባሩን ከምንጣፉ አስነክቶ ይህን ሲል ፍርሃቱን አልደበቀም፤ ይዞት ወደሚምረው ቀረበ እንጂ። ትርጉሙ ከስግደቱ አስቀድሞ፣ በተለይ ለልጆች፣ ቢነገር እጅግ መልካም ነው። ጉልበታቸው እንቢ ያላቸው አረጋውያንም መቋሚያቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ዝቅ በማድረግ ይህንኑ ጸሎት ያደርሳሉ።