አደራ፣ ዝገቱን አትንኩት!

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ የአንድ ሟች አዛውንት ዕቃ ሲሸጥ የጃፓን ጎራዴ ገዝቷል። «ስንት ያወጣል?» አለኝ። ቀጠል አድርጎ «ደግሞ አታስብ፣ ዝገቱን ሙልጭ አድርጌ አጽድቼዋለሁ» ሲለኝ የምቀመጥበት ወንበር ፈለግኩ።

አሮጌ ዕቃ እየገዛሁና እየሸጥኩ ስኖር ብዙ ዓመት ሆነኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ለማስታወሻ ያመጡት ጎራዴ ብዙ ነው። አሁን ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ይሸጡታል። የኛም ሰው መግዛት ጀምሯል፣ ደስ ይላል። ግን የሚደውልልኝ ሁሉ ያንኑ ተረት ይዞ ነው የሚመጣው።

«ዝገት ቆሻሻ ነው፣ መጽዳት አለበት»

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የጃፓን ጎራዴ እጀታው ይወልቃል። እጀታው ላይ ትንሽ የቀርከሃ ችንካር አለች፤ በእንጨት ቀስ አድርጋችሁ ስትገፏት ትወጣለች። እጀታው ሲላቀቅ ከውስጥ ያልተወለወለ የብረት ጭራ ታገኛላችሁ። ጃፓኖች ናካጎ ይሉታል። የጎራዴው መታወቂያ እሱ ነው።

ናካጎ ሆን ተብሎ ለዝገት የሚተው ክፍል ነው። ለመቶዎች ዓመታት እጀታ ውስጥ የቆየ ዝገት ጠቆር ያለ ነው፤ በደንብ የተቆላ ቡና አስቡ። ሲዳስሱት ልስልስ ይላል። የትናንት ዝገት ግን ቀላ ያለና ሻካራ ነው፣ ጣት ላይም ይቀራል። ባለሙያ ዕድሜውን ሲገምት መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው። ከዚያ የሞረዱን ጭረት ያያል፤ ቀጥ ያለ ነው? ያዘነበለ ነው? ወደየት? ሰሪዎቹ በዚህ ይለያያሉ። ቀዳዳዎቹንም ይቆጥራል። ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ረጅም የነበረ ጎራዴ ከታች ተቆርጦ አጥሯል ማለት ነው።

ሰሪው ስሙን የሚቀርጸውም ናካጎው ላይ ነው፤ ፊርማ የምለው እሱን ነው። የሐሰት ፊርማም የሚጋለጠው በዚሁ ዝገት ነው። ፊርማው ከጎራዴው ጋር ያረጀ ከሆነ፣ መሮው በቆረጠው መስመር ውስጥ ያለው ዝገትና በዙሪያው ያለው አንድ ዓይነት ነው። ኋላ የተቀረጸ ከሆነ መሮው አሮጌውን ዝገት ሰንጥቆት ታዩታላችሁ። ዝገቱን የጠረገ ሰው ምስክሩን አባረረ።

ወዳጄ ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ድሪል ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጠመ። ፎቶውን ሲልክልኝ ናካጎው እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። ፊርማው በደንብ ይነበባል። እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰት? የሚነግረን ነገር የለም፤ ተጠርጎ ጋራዥ ወለል ላይ ቀርቷል።

ስለቱም ቢሆን ያው ነው። ብርጭቆ ወረቀት፣ የኩሽና መሳያ፣ ሎሚ፣ ኮካ ኮላ (አዎ፣ ኮካ ኮላ ተብያለሁ) ሁሉም ክልክል ነው። ጃፓን ውስጥ ጎራዴ መወልወል ብቻውን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በተለያየ ድንጋይ ደረጃ በደረጃ ይሠራል። ያም ሆኖ በተወለወለ ቁጥር ብረቱ ይሳሳል። ከጥቂት ጊዜ በላይ አይችልም። እናንተ በአንድ ከሰዓት በኋላ ልትጨርሱት ነው እንዴ? ስለቱን በጣት አትንኩ፣ ላብ ያዝገዋል። ከአፎቱ ስታወጡት የሚቆርጠው ጠርዝ ወደ ላይ ይሁን።

«ፊርማ ካለው እውነተኛ ነው»

«ማሳሙኔ የሚል ተጽፎበታል!» ብሎ የሚደውል አይጠፋም። ማሳሙኔ ከ700 ዓመት በፊት ጃፓን ውስጥ በሳጋሚ የኖረ ስመ ጥር ጎራዴ ሰሪ ነው። በእጁ የተፈረሙ ተብለው የሚታወቁት በጣም ጥቂት ናቸው። ስሙ የተቀረጸባቸው ግን እልፍ ናቸው። በኤዶ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ የነበረው ጎራዴ ሰሪ ኮቴትሱም እንዲሁ በአስመሳዮች መከራውን ያየ ስም ነው። በተቃራኒው ፊርማ የሌለው ሁሉ ርካሽ አይደለም። ድንቅ የሚባሉ የጥንት ጎራዴዎች ሲያጥሩ ፊርማቸው አብሮ ተቆርጦ ቀርቷል።

አንዳንዴ በናካጎው ሌላኛው ገጽ ቀን ታገኛላችሁ። «ሾዋ 18» ካለ 1925 ደምሩበት፣ እ.ኤ.አ. 1943 ይመጣል። ሾዋ የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት የሂሮሂቶ ዘመን መጠሪያ ነው፤ ከኛ ሸዋ ጋር ዝምድና የለውም።

«የወታደር እጀታ ካለው የፋብሪካ ነው»

አንዳንዱ ነው። ለበታች ሹማምንት የተሠራው ዓይነት 95 የፋብሪካ ነው። ስለቱ ላይ ቁጥር ተመትቶበታል፤ የብዙዎቹ እጀታ ደግሞ ገመድ የተጠመጠመበት እንዲመስል ተደርጎ ከአልሙኒየም የተቀረጸ ነው። መኮንኖች ግን ጎራዴያቸውን ራሳቸው ይገዙ ነበር። የአያት ቅድመ አያቱን ስለት በወታደር እጀታና አፎት አስገብቶ የዘመተ አለ። ስለዚህ ሳትከፍቱ አትፍረዱ። ናካጎው ላይ ትንሽ ማኅተም ካያችሁ ብዙ ጊዜ በጦርነቱ ዘመን በአቋራጭ የተሠራ ነው። የኮከብ ምልክት ከሆነ ግን ለጦሩ በባህላዊው ዘዴ የተሠራ ነው።

ትናንሾቹን ቶሎ ልጨርሳቸው።

ስለቱ ጎን ያለው ቦይ ደም ማፍሰሻ አይደለም፤ ክብደት መቀነሻ ነው።

ብረቱ ሺህ ጊዜ አይታጠፍም። ከ10 እስከ 15 ጊዜ ይበቃል። በታጠፈ ቁጥር ንብርብሩ እጥፍ ስለሚሆን በ10ኛው ከሺህ ያልፋል።

ስለቱ ላይ በጠርዙ በኩል ያለው ሞገድ የመሰለ መስመር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በአሲድም ይሣላል። እውነተኛው ስለቱ ጭቃ ተቀብቶ፣ ግሎ፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚወጣ ነው። ከአምፖል ሥር ዘንበል አድርጋችሁ ስታዩት መስመሩ ላይ ደቃቅ ብልጭታ ልታዩ ትችላላችሁ። የአሲዱ እንደ ቀለም ድፍን ነው።

ሁሉም ካታና፣ ማለትም ረጅሙ ጎራዴ፣ አይደለም። ከጫፉ ተነስታችሁ ጀርባው ላይ ናካጎው እስከሚጀምርበት እርከን በቀጥታ ለኩ፤ ከ60.6 ሴንቲሜትር ካነሰ ዋኪዛሺ (አጭር ጎራዴ)፣ ከ30.3 ካነሰ ታንቶ (ጩቤ) ነው።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። የድሪሉ ባትሪ መሀል ላይ አልቆበት ኖሯል። የናካጎው ሌላኛው ገጽ አልተነካም። ጥቁር፣ ልስልስ፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው። ያንን ገጽ ብርሃን ከጎን አድርጎ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ፣ ከዚያ ችንካሯን መልሶ እንዲያስቀምጠው ነገርኩት። ልኮልኛል። የሽቦ ብሩሹን ግን እስካሁን ከድሪሉ ላይ አልነቀለውም።